ሕጉን ከመጽሐፉ፣ ኑሮውን ከቆሻሻው

ስለ ሮማ ሕግ ሲነሣ ከመማሪያ ክፍል እስከ ችሎት፣ ከችሎት እስከ ጋዜጣ ዓምድ እየተደጋገመ የሚተረክ አንድ የክብር ታሪክ አለ። ሮማ ዓለምን ሦስት ጊዜ ገዛች ይባላል፤ መጀመሪያ በሰይፍ፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያን፣ በመጨረሻም በሕግ። አባባሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳመረው ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ሩዶልፍ ፎን የሪንግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሕግ የቀመሰ ሁሉ ይቀባበለዋል። ሕጉስ የታለ? ተብሎ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያ ላይ ተቀምጦ ወዳስጠናቀረው የሕግ ስብስብ። መጽሐፉ ሮማ ነው፤ ሮማም መጽሐፉ ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ!

መቼ አለቀና! «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፤ የዮስጢንያኖስ መጽሐፍ የአንድ ወገን ቃል ነው፤ የገዥው ወገን። በዚያ ሕግ የተዳኘው፣ የገበረው፣ የተበደለውና የተካሰው ሕዝብ የሰጠው ቃል ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ በግብጽ የቆሻሻ ክምር፣ በይሁዳ በረሃ ዋሻና ተፍቀው ዳግም በተጻፉ ብራናዎች ሥር። ይህን ሁለተኛ ቃል ሳይሰማ ስለ ሮማ ሕግ የሚያስተምርና የሚጽፍ ሰው አንዱን ባለጉዳይ ብቻ ሰምቶ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ ነው። እንዲህ ያለውን ዳኛ ምን ብለን እንደምንጠራው አንባቢ ያውቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በመጀመሪያ የንጉሡን መጽሐፍ እንመልከተው። ዮስጢንያኖስ በ530 ትሪቦኒያን የተባለውን ሹሙን የጉባኤ አለቃ አድርጎ የቀደሙትን የሕግ ሊቃውንት መጻሕፍት እንዲያሰባስብ አዘዘው። ጉባኤው ሥራውን በሦስት ዓመት ጨርሶ በታኅሣሥ ወር 533 «ዲጀስታ» የተባለው ባለ 50 መጽሐፍ ስብስብ ታወጀ። ንጉሡ ራሱ በአዋጁ እንደተናገረው ሁለት ሺህ ያህል መጻሕፍት፣ ሦስት ሚሊዮን መስመር፣ ተነብቦ ወደ 150,000 መስመር ወረደ። ከሃያ መስመር አሥራ ዘጠኙ ተጣለ ማለት ነው። የቀረውም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። ጉባኤው የሊቃውንቱን ቃል እንዲያሳጥር ብቻ ሳይሆን ለዘመኑ እንዲመች አድርጎ እንዲለውጥም ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በ2ኛውና በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሊቅ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፈቃድ አፉ ተስተካክሎ እንዲናገር ተደረገ፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ከቃሉ ራስጌ ተጻፈ። ከዚያም ንጉሡ የቀድሞዎቹን መጻሕፍት በችሎት መጥቀስን ከለከለ፤ በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ሐተታ መጻፍንም ከለከለ። አሳጠረ፣ ለወጠ፣ በሩን ዘጋ። ለሚገዛ ሰው ይህ ብልህነት ሊሆን ይችላል። ታሪክን ለሚጠይቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ተጠርጣሪ ምስክር ነው።

ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከአምስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉን ቃል ያዋጣው ኡልፒያን የተባለ ሊቅ ነው። የዚህ ሰው ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ይሰጣል። ኡልፒያን በሮማ የንጉሥ ዘበኞች አለቃ ሳለ በዘበኞቹ እጅ ተገደለ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሞቱን ለረጅም ጊዜ በ228 አድርገው ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1966 አንድ የግብጽ ፓፒረስ ታተመ። ፓፒረሱ ኡልፒያንን ያስገደለው ኤፓጋቶስ የተባለው ሰው በ224 የግብጽ አገረ ገዥ እንደነበረ ያሳያል፤ ኤፓጋቶስ ወደ ግብጽ የተላከውም ከግድያው በኋላ ነው። ስለዚህ ኡልፒያን ቢያንስ ከአራት ዓመት በፊት ሞቶ ነበር። ተመልከቱ! የትልቁን መጽሐፍ የትልቁን ደራሲ የሞት ዘመን ያረመው ትልቁ መጽሐፍ አይደለም፤ ከቆሻሻ የወጣ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ከትሪቦኒያን መቀስ ያመለጠ አንድ መጽሐፍ ብቻ ማለት ይቻላል ሙሉ ለሙሉ በሚባል ደረጃ ደርሶናል። እሱም ጋዮስ የተባለው መምህር በ160 ገደማ ለተማሪዎች የጻፈው የሕግ መግቢያ ነው። እንዴት ደረሰን? በ1816 ባርቶልድ ኒቡር የተባለ ጀርመናዊ የታሪክ ሊቅ ለመልእክተኝነት ወደ ሮማ ሲሄድ በመንገዱ ቬሮና ከተማ ካቴድራል መጻሕፍት ቤት ጎራ አለ። የቅዱስ ጄሮም ደብዳቤዎች የተጻፉበትን አንድ ብራና ሲያገላብጥ ከጽሑፉ ሥር ሌላ የደበዘዘ ጽሑፍ አየ። ብራና ውድ ነበርና ጋዮስ ተፍቆ ጄሮም ተጽፎበታል። የሥረኛውን ፊደል ለማውጣት በኋላ የተቀባው ኬሚካል ደግሞ ገጾቹን ጎድቷቸዋል። በቬሮናው ብራና ላይ ከጎደለው ጥቂቱን ያሟላው ምን ሆነ? በ1933 ግብጽ ውስጥ የተገዙ የብራና ቁራጮች ናቸው። በእነዚህ ቁራጮች ነው በጥንታዊቷ ሮማ ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት ሳይካፈሉ በአንድነት ይዘው የሚኖሩበት ሥርዓት እንደነበረ የታወቀው። ዲጀስታ ስለዚህ ሥርዓት ሊነግረን ፍላጎት አልነበረውም፤ ለዮስጢንያኖስ ዘመን አይጠቅምማ!

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የጥንት ግብጻውያን ከዚሁ ተክል ግንድ ስስ ልጣጭ እያወጡ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አግድምና ሽቅብ እየደረቡ፣ እየቀጠቀጡ ወረቀት ይሠሩበት ነበር፤ ፓፒረስ የሚባለው ይህ ነው። በርናርድ ግሬንፌልና አርተር ሀንት የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ወጣቶች በ1896 መጨረሻ ላይ ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባህናሳ መቆፈር ጀመሩ። የጥንት ስሟ ኦክሲሪንከስ ነው። የቆፈሩት ቤተ መንግሥት ወይም መቃብር አልነበረም፤ የከተማውን ሰው የቆሻሻ መጣያ ነበር። ዝናብ በሌለበትና የዓባይ ውኃ በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ ሰው አንብቦ የጣለው ወረቀት ሁሉ ሺህና ሁለት ሺህ ዓመት ሳይበሰብስ ቆይቷል። ከዚያ የወጣው ቁራጭ ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1898 ታተመ፤ ዛሬ ቅጾቹ ከ80 በላይ ናቸው፤ ቢሆንም ታርሞ የታተመው ከአምስት ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኑዛዜ፣ የብድር ውል፣ የኪራይ ውል፣ የጋብቻና የፍቺ ጽሑፍ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የክስ ማመልከቻ፣ የችሎት መዝገብ፤ የሌለ ነገር የለም።

ከእነዚህ መካከል አንዱ በ186 የተጻፈ አቤቱታ ነው። ባለአቤቱታዋ ዲዮኒሲያ ትባላለች፤ ያመለከተችው ለግብጹ አገረ ገዥ ሲሆን የከሰሰችው የገዛ አባቷን ነው። አባቷ ኬሬሞን በከተማው ከፍተኛ ሹመት ይዞ የነበረ የተከበረ ሰው ነው። ጠቡ በንብረት ጀመረ። አባት በንብረቱ ነገር እንዳላዋጣው ሲያይ በሌላ በር መጣ፤ በግብጻውያን ሕግ አባት ልጁን ከባሏ ነጥቆ የመውሰድ ሥልጣን አለው ብሎ ትዳሯን ሊያፈርስ ተነሣ። ዲዮኒሲያ ምን አደረገች? አለቀሰች? ሽማግሌ ላከች? የቀድሞ ዳኞች የሰጡትን ፍርድ እያገላበጠች በአቤቱታዋ ውስጥ ደረደረችው። በ128 አገረ ገዥው ፍላቪዮስ ቲቲያኖስ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ሴቲቱ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ትጠየቅ ብሎ ነበር፤ በ133ም ሌላ ባለሥልጣን ያንኑ ተከትሎ ልጅቱን አስጠየቀ፤ እሷም ከባሌ ጋር አለች፤ ስለዚህ የእኔም ነገር በዚሁ ይታይልኝ ነው ክርክሯ።

አሁን መጽሐፉን ብቻ የሚያነቡት ወገኖች ምን እንደሚሉን እናስታውስ። የሮማ ዳኛ በሕግ እንጂ በቀደመ ፍርድ አይዳኝም ይሉናል። ይህን የሚሉት ከየት አምጥተው ነው? ዮስጢንያኖስ በ529 ባወጣው ሕግ ዳኛ ሌላ ዳኛ የፈረደውን አርአያ አድርጎ ሳይሆን ሕጉን ተከትሎ ይፍረድ ስላለ ነው። ንጉሡ ይህን ያለው ለምን ይሆን? ሰው የማያደርገውን ነገር የሚከለክል ሕግ የለም። የዲዮኒሲያ አቤቱታ ንጉሡ ሊዘጋው የፈለገው በር ስንት መቶ ዓመት ተከፍቶ እንደኖረ ያሳያል። በዚያ በር የገባችው ደግሞ አባቷ እንደ ዕቃ ሊወስዳት የፈለገ ሴት ናት። የአቤቱታው መጀመሪያና መጨረሻ ተቀዷል፤ ወረቀቱም ከጥቅም ውጪ ሲሆን በጀርባው የሆሜር «ኢሊያድ» አምስተኛ መጽሐፍ ተጽፎበታል። አንባቢ ሆይ፣ ለዘመናት ሊቃውንት የሆሜርን ጽሑፍ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ የዲዮኒሲያን ጽሑፍ የፈለገ ግን አልነበረም። ዛሬ ሆሜር በሌላ ብዙ ቅጂ አለልን፤ ዲዮኒሲያ ግን በዚያች አንድ ወረቀት ብቻ ናት ያለችው።

ሌላዋ ምስክር ባባታ ናት። ከሙት ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ባለች ማኦዛ በተባለች መንደር የምትኖር አይሁዳዊት ናት። መሬቷ የናባጥያውያን መንግሥት ነበር፤ በ106 ሮማ ጠቅልላ «አረቢያ» የተባለ ጠቅላይ ግዛት አደረገችው። ባባታ ባሏ ሲሞት ኢየሱስ የሚባል ትንሽ ልጅ ቀራት። የከተማው ምክር ቤት ሁለት ሞግዚት ሾመለት። ሞግዚቶቹ የሙት ልጁን ገንዘብ ይዘው ለቀለቡ በወር ሁለት ዲናር ይሰጡ ነበር። እናት ይህ አይበቃም አለች። በ124 እና በ125 የተጻፉት ወረቀቶቿ እንደሚያሳዩት ገንዘቡን ለእኔ ስጡኝ፣ ንብረቴን መያዣ አድርጌ ለልጄ ሦስት እጥፍ ወለድ አወጣለታለሁ ብላ ተከራከረች፤ ሞግዚቱንም ጴጥራ በተባለችው ከተማ አገረ ገዥው በሚያስችልበት ችሎት እንዲቀርብ ጠራችው። ባባታ መጻፍ አትችልም፤ የሚፈርምላት ሌላ ሰው ነው። የሮማ ዜጋም አይደለችም። ሆኖም በ1961 ይጋኤል ያዲን የመራው ቡድን በይሁዳ በረሃ ዋሻ ውስጥ ባገኘው የቆዳ ቦርሳዋ ካሉት 35 ሰነዶች መካከል ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሮማ ከተማ ላይ በሞግዚት ላይ ክስ የሚመሠረትበት የቃል ቀመር በግሪክኛ ተተርጉሞ ሦስት ጊዜ ተገልብጧል! ጋዮስ ለተማሪዎቹ ስለ እንዲህ ያለው ቀመር ሲጽፍ የሚያስበው የሮማን ችሎት ነበር። ጋዮስ ግን ቀመሩ በዋሻ ውስጥ ከአንዲት መሃይም እናት ቦርሳ እንደሚገኝ አልነገረንም። ሊነግረንም አይችልም ነበር።

እነዚህ ሁለት ሴቶች ብርቅ ናቸው የሚል ካለ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብጽ አገረ ገዥ የነበረው ሱባቲያኖስ አኩዊላ ይመልስለታል። አኩዊላ አርሲኖይ በተባለችው ከተማ ሲያስችል ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተቀበለው አቤቱታ 1,804 ነበር። ይህን የነገረን በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ፓፒረስ ነው። አንድ ሺህ ስምንት መቶ አራት! እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ገበሬ፣ አንድ መበለት፣ አንድ ባለዕዳ ነው፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ እንደሚቀመጥ የእኛ ራፖር ጻፊ ላለ ጸሐፊ ከፍሎ ያስጻፈ፣ ተራ የጠበቀ፣ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቁጥሩን የፈለገ። ሕግ ለእነዚህ ሰዎች በመጽሐፍ የተጻፈ ጥበብ አልነበረም። ሰልፍ ነበር፣ ወጪ ነበር፣ ተስፋ ነበር።

«ይህማ ተራ ሰው በሕጉ መጠቀሙን ነው የሚያሳየው፤ ታዲያ ሕጉን ማመስገን ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ነውሩ ምስጋናው በግማሽ ማስረጃ መሆኑ ነው። ወረቀቶቹ ምስጋናውን በአንድ እጅ እንደሚሰጡ በሌላው እጅ ይነሡታል። ምሳሌ እንይ። ገበሬን በግል ወህኒ ማሠር በሮማ ሕግ ክልክል ነው። ንጉሥ ዘይኖን በ486 ከለከለ፤ ዮስጢንያኖስም በ529 ደገመ። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው፣ እንዴት ያለ ደግ ሕግ ነው! ብሎ ያደንቃል። በ579፣ ማለትም ዮስጢንያኖስ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ ኦክሲሪንከስ ላይ የተጻፈ የዋስትና ወረቀት አለ። ፓሙቲዮስ የተባለ የእርሳስ ብረት ሠራተኛ፣ አብርሃም የተባለው ከመሬቱ ጋር የተመዘገበ ጭሰኛ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከርስቱ እንዳይለቅ፣ በተፈለገ ጊዜም ወደነበረበት ቦታ መልሶ እንዲያስረክብ ዋስ ይሆናል። ዋስትናው የሚሰጠው አፒዮን ለተባለው ታላቅ የባለርስት ቤት ሲሆን፣ ጭሰኛው የሚመለስበት ቦታ «የዚሁ የተከበረ ቤት ወህኒ» መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። በድብቅ አይደለም! በውል፣ በፊርማ፣ በጸሐፊ እጅ! ባለርስቱ ወህኒውን የደበቀው የለም፤ የአፒዮን ቤተሰብ ራሱ ከመንግሥቱ ትላልቅ ሹማምንት ወገን ነበርና። ሕጉ በቁስጥንጥንያ ይታወጃል፤ ቁልፉ በባለርስቱ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። «ሕግ ነበረ» እና «ሕግ ይሠራ ነበር» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ወረቀት የተሻለ የሚያስተምር መምህር አላውቅም።

ትልቁን አዋጅም እንየው። በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ላሉ ነጻ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሮማ ዜግነት ሰጠ። ዲጀስታ ይህን በታሪክ ታላቅ የሆነ ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል። የአዋጁ ቃል ራሱ የሚገኘው ጀርመን አገር ጊሰን ከተማ ባለ በተበጣጠሰ ፓፒረስ ላይ ነው፤ የታተመው በ1910 ነው። ፓፒረሱ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ደግሞ ከዜግነት ስለተገለሉ ሰዎች የሚናገር በሚመስለው ቦታ ላይ ወድቋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንት በዚያች ቀዳዳ ላይ ሲሟገቱ ኖረዋል። ሌሎች ወረቀቶች ግን የአዋጁን ውጤት ያለ ክርክር ይናገራሉ፤ ከ212 በኋላ የግብጽ ገበሬ ሁሉ በድንገት ከስሙ በፊት «አውሬሊዮስ» የሚል የንጉሡን የቤተሰብ ስም ሲደርብ እናያለን። በዚያው ዘመን ይኖር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ካሲዮስ ዲዮ ደግሞ ዓላማው የቀረጥ ገቢ ማብዛት ነው ይላል፤ የውርስ ግብር የሚከፍለው የሮማ ዜጋ ነበርና። ዜግነት እንደ ስጦታ መጣ፤ ሒሳቡም አብሮት መጣ። የአዋጁን ታላቅነት የሚዘምሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ ለምን ይዘሉታል?

ይህ ሁሉ የድሮ ግኝት ነው የሚል ካለ አዲሱን ይስማ። በ2014 ሃና ኮተን የተባሉ ምሁር በእስራኤል ጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ማከማቻ ውስጥ «ናባጥያዊ» ተብሎ በስሕተት የተመዘገበ ፓፒረስ ሲያዩ ጽሑፉ ግሪክኛ ሆኖ አገኙት። 133 መስመር ነው፤ ከይሁዳ በረሃ እስከ ዛሬ ከተገኙት የግሪክኛ ፓፒረሶች ሁሉ ረጅሙ ነው። በ2025 ተተንትኖ ታተመ። ጉዳዩ ጋዳልያስና ሳውሎስ የተባሉ ሰዎች ባሪያ ሲሸጡና ነጻ ሲያወጡ ግብር ለማምለጥ ሰነድ አጭበርብረዋል የሚል ክስ ነው። ዘመኑ የንጉሥ ሃድርያን ዘመን ነው፤ የባር ኮክባ ዓመፅ በ132 ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ወረቀቱ ፍርድ አይደለም፤ የከሳሹ ወገን የዝግጅት ማስታወሻ ነው። ተከሳሽ እንዲህ ካለ እንዲህ በሉት እያለ ጠበቃ ጠበቃን ይመክርበታል። በየትኛው የሮማ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያነበብነው? ሰነድ ማጭበርበር ወንጀል መሆኑን መጽሐፉ ይነግረናል። ከሳሽ ከችሎት በፊት በሌሊት ምን እንደሚያሰላ የሚነግረን ይህ ወረቀት ነው።

የተቃዋሚዎችን ክርክር ሳያቀርቡ መሟገት ያው የአንድ ወገን ነገር ይሆናልና ሦስቱን ዋና ዋና እንመርምር። አንደኛው ክርክር፣ ፓፒረስ የግብጽ ብቻ ነው፤ ግብጽ ደግሞ ልዩ አገር ናት፤ ስለ ሮማ አትመሰክርም የሚለው ነው። ይህ ክርክር በ1898 ይቻል ይሆናል። ዛሬ ባባታ ከአረቢያ፣ የዱራ ከተማ ወታደሮች ከኤፍራጥስ ዳር፣ የቪንዶላንዳ የእንጨት ጽላቶች ከሰሜን እንግሊዝ፣ የሰም ጽላቶች በእሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከሄርኩላኔዩም መጥተው በአንድ ችሎት ቆመዋል። ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የአገሬው ልማድና የገዥው ሕግ በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ግብጽ ልዩ የሆነችው በሕጓ ሳይሆን በደረቅነቷ ነው።

ሁለተኛው ክርክር፣ ቁራጭ ወረቀት በአጋጣሚ የተረፈ ነው፤ ከአጋጣሚ ደንብ አይወጣም ይላል። እውነት ነው፤ ወረቀቶቹ በአጋጣሚ ተርፈዋል። ዲጀስታስ? ዋናው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ ዛሬ ፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው አንድ ብራና ነው፤ በ1406 ፍሎረንሶች ፒሳን ድል ሲያደርጉ የማረኩት። እሱስ በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም? ልዩነቱ ሌላ ነው፤ የመጽሐፉን ይዘት ማን ይቅር ማን ይውጣ ብሎ የመረጠ ሰው አለ፤ የቆሻሻውን ይዘት ግን የመረጠ የለም። እኔ በበኩሌ መራጭ ከሌለው ምስክር ይልቅ ንጉሥ የመረጠው ምስክር የበለጠ ያስጠረጥረኛል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ሕግ ማለት መሆን የሚገባው ነው፤ ሰው ያደረገው ሌላ ጥናት ነው የሚለው ነው። መልሱ በራሳቸው በወረቀቶቹ አለ። በርሊን የሚገኝ በ150 ገደማ የተጻፈ አንድ ፓፒረስ የግብጽ ገንዘብ ቤት ሹም የሚሠራበትን ከመቶ በላይ የሆነ አንቀጽ ይዟል። ማን ከማን ጋር ቢጋባ ልጁ የማንን ማዕረግ እንደሚወርስ፣ የማን ኑዛዜ እንደሚፈርስ፣ ንብረቱ መቼ ለመንግሥት እንደሚወረስ በዝርዝር ይደነግጋል። ይህ ልማድ አይደለም፤ ደንብ ነው፤ ገዥው ያወጣው፣ በየቀኑ የሚሠራበት ደንብ! በዲጀስታ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ «መሆን የሚገባው» ራሱ መጽሐፉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል ዲጀስታ ይቃጠል ማለት አይደለም። ያለ ጋዮስና ያለ ኡልፒያን የባባታን ሦስት ወረቀቶች ምንነት የሚያውቅ አይኖርም ነበር። መጽሐፉ ቃሉን ይተረጉማል፤ ወረቀቱ ቃሉ ማን ላይ እንደወደቀ ያሳያል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረታችን ለዚህ ጥናት የተነገረ ይመስላል። ሁለቱን አብሮ የሚይዝ እጅ ነው የሚፈለገው። ባለፉት ዘመናት እንዲህ ዓይነት ሥራ አልጠፋም፤ በ2010 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሁራን የመጽሐፍ መጠረዣ ሆነው ከቀሩ 17 የብራና ቁራጮች ላይ ከዮስጢንያኖስ በፊት በ300 ገደማ የተጠናቀረውን የጎርጎርዮስን የሕግ መድበል ቁራጭ እንዳገኙ አስታውቀዋል። መጽሐፉም ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው? ለሚል ደግሞ መልሱ ቅርብ ነው። የሮማ ሕግ በሩቅ ዘመድነት ቤታችን ገብቷል። «ፍትሐ ነገሥት» በ13ኛው ክፍለ ዘመን አል-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለው ግብጻዊ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ያጠናቀረው ሲሆን፣ በሥጋዊው ክፍሉ ውስጥ በቢዛንታይን የመቄዶንያ ነገሥታት ዘመን የወጣ የሕግ ማጠቃለያና የሶርያ-ሮማ የሕግ መጽሐፍ የተባለው ገብተውበታል። እነዚህ የዮስጢንያኖስና የቀደምት የሮማ ሕግ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ሊቃውንቶቻችን ለ318ቱ የኒቅያ አባቶች ሰጡት። በውርሱ ማፈርም መኩራትም አያስፈልግም። አብሮት የወረስነውን ልማድ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሕጋችንን በአንድ መጽሐፍ ብቻ መጥራት። የቀድሞው ኢትዮጵያዊ በምን ይዳኝ ነበር? ሲባል፣ በፍትሐ ነገሥት! ብሎ መመለስ እንደ መልስ ይቆጠራል። በላ ልበልሃው፣ አውጫጭኙ፣ በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የሚቆመው ሰው በየትኛው አንቀጽ ተጽፏል?

እኛ የሚያረጥብ ክረምት እንጂ የኦክሲሪንከስ አሸዋ የለንም። የብራና ኅዳግ ግን አለን። በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ የክርክር ስምምነት፣ የምስክሮች ስም ተጽፏል። ኮንቲ ሮሲኒ በሽመዛና የሚገኘውን የደብረ ሊባኖስን የወርቅ ወንጌል ሰነዶች በ1901 አሳትሟል፤ ከእነዚህም የንጉሥ ላሊበላ ዘመን የርስት ሰነዶች ይገኛሉ። ዶናልድ ክራሚ በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ የመሬትን ታሪክ ያወጣው በብዛት ከእንዲህ ያሉ የኅዳግ ጽሑፎች ነው። ሆኖም ብራናውን ለሥዕሉ ብለው የሚሰርቁ፣ ለጥንታዊነቱ ብለው የሚሸጡ፣ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ገልብጠው ኅዳጉን የሚዘሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ኅዳጉን የዘለለ ሰው የእኛዋን ዲዮኒሲያ ዘለላት።

ስለዚህ የሕግን ታሪክ ለሚያስተምሩና ለሚጽፉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ዮስጢንያኖስን ባስተማሩበት ሰዓት ከጎኑ የአብርሃምን የዋስትና ወረቀት ያስቀምጡ። የካራካላን አዋጅ ባነበቡበት ክፍል የጊሰኑን ፓፒረስ ከነቀዳዳው ያሳዩ። ፍትሐ ነገሥትን በጠቀሱበት ገጽ አንድ የወንጌል ኅዳግ ይጥቀሱ። ተማሪው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ራሱ ይፍረድ። የሮማ ሕግ ታላቅ ከሆነ የ1,804 ባለጉዳዮችን ምስክርነት መፍራት የለበትም፤ የሚፈራ ከሆነ ደግሞ ሲመሰገን የኖረው ሕጉ ሳይሆን መጽሐፉን ያስጠረዘው ንጉሥ ነበር ማለት ነው።